“ትልቅ ውል ፈረምን” የሚል ትንሽ የጂፒኤስ ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት

እንዲህ ያለ መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። “የ4 ሳንቲም ስቶክ ነው። የመኪና መከታተያ ጂፒኤስ ይሠራሉ። ዛሬ ጠዋት ለ10 ሺህ መኪና ውል ፈርመዋል። ሳይረፍድ ግቡ።” ከሥሩ የኩባንያው መግለጫ ተለጥፏል። አርማ አለው። የሥራ አስኪያጁ ንግግር አለው። የሚሊዮን ቁጥር አለው። የደንበኛው ስም ግን የለም።

ይህ መመሪያ በተለይ አሜሪካ ሆነው በስልካቸው ፔኒ ስቶክ ለሚገዙ ወገኖች ነው። በአሜሪካው የገበያ ተቆጣጣሪ በኤስኢሲ አነጋገር ፔኒ ስቶክ ማለት በጥቅሉ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጥ የትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ነው። የመኪና መከታተያን ሥራ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከእኛ ሰው ትራክ፣ ታክሲና ሊሞ የሚነዳው ብዙ ነው። ዕቃው በየቀኑ ዓይናችሁ ሥር ነው። በወር ስንት እንደሚከፈልበት ታውቃላችሁ። ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚያናድድም ታውቃላችሁ። ከብዙ የዎል ስትሪት ተንታኝ የተሻለ እውቀት በእጃችሁ አለ። ያንን እውቀት አክሲዮን ስትገዙም ተጠቀሙበት።

ከዚህ በታች የማስቀምጠው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል፤ ስለ ውሉ ከኩባንያው አፍ ያልወጣ ማስረጃ መፈለግ። ኩባንያው በመግለጫ የተናገረው፣ በትዊተር የደገመው፣ በዩቲዩብ ቃለ መጠይቅ ያብራራው ሁሉ አንድ ምስክር ነው። ሦስት ቦታ ስለተነገረ ሦስት አይሆንም።

መጠራጠር ደግሞ መወንጀል አይደለም። በፍተሻው መጨረሻ “አጭበርባሪ ናቸው” ማለት አይጠበቅባችሁም። “አልተረጋገጠም” ካላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ለማቆየት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ መግለጫውን በታትኑት

ወረቀት ያዙና አምስት ጥያቄ ጻፉ። ደንበኛው ማነው? ስንት መኪና? ስንት ዶላር? ከመቼ እስከ መቼ? ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ምን ይከፍላል? ከዚያ መግለጫውን እያነበባችሁ መልሱን ሙሉ። ባዶ የቀረውን ቦታ አክብቡት። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀረው አምስተኛው ነው። ደንበኛው ያለ ምንም ቅጣት ነገ መውጣት የሚችል ከሆነ የተፈረመው ነገር ከምኞት ብዙም አይርቅም።

ቃላቱን ልብ በሉ። “እስከ 10 ሺህ መኪና” ማለት 12 መኪናም ሊሆን ይችላል። “የፍላጎት ደብዳቤ” እና “የመግባቢያ ሰነድ” በአብዛኛው ማንንም አያስገድዱም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእነዚህ ነው። “ፓይለት” ማለት ደንበኛው ጥቂት መሣሪያ በነጻ ወይም በርካሽ ሊሞክር ነው። “የአከፋፋይነት ውል” ደግሞ ገና ገዢ ያልተገኘለት ነገር ነው፤ አከፋፋዩ ራሱ ደንበኛ መፈለግ አለበት። “ከፎርቹን 500 (ከአሜሪካ 500 ግዙፍ ኩባንያዎች ዝርዝር) ኩባንያ ጋር መሥራት ጀመርን” የሚለውንም ተጠንቀቁ። የአንድ ትልቅ ድርጅት አንድ ቅርንጫፍ ሦስት መሣሪያ ቢገዛም ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይሆንም።

የሎርድስታውን ሞተርስን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ እሠራለሁ ያለ የኦሃዮ ኩባንያ ነው። የብዙ መኪና ባለቤት ከሆኑ ድርጅቶች ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ቅድመ ትዕዛዝ አለኝ ይል ነበር። ትዕዛዞቹ አስገዳጅ አልነበሩም። በማርች 2021 ሂንደንበርግ ሪሰርች የተባለው ኩባንያዎችን የሚመረምር ድርጅት አንዳንዶቹ “ደንበኞች” የሚያሰማሩት የመኪና ስብስብ እንኳ እንደሌላቸው የሚገልጽ ዘገባ አወጣ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሥራ አስኪያጁ ለቀቀ። በ2023 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ2024 ደግሞ ኤስኢሲ ባለ አክሲዮኖችን ስለ ትዕዛዞቹ አሳስቷል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያውም 25.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ኩባንያ ፋብሪካም፣ ናስዳክ በተባለው ትልቅ የአክሲዮን ገበያ ላይ ቦታም ነበረው። የእናንተ የ4 ሳንቲም ኩባንያ ያን ያህል እንኳ የለውም።

ደረጃ 2፦ ለኤስኢሲ ምን ብለው ጻፉ?

ጋዜጣዊ መግለጫ ማንም ከፍሎ ያሰራጫል። ለኤስኢሲ የሚገባ ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚዋሽ ሰው እስር ቤት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ኤድጋር ወደተባለው የኤስኢሲ የሰነድ ማከማቻ ግቡ። ነጻ ነው፣ መመዝገብም አይጠይቅም። የኩባንያውን ስም አስገቡ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት ፎርም 8-ኬ ነው። አንድ ኩባንያ ከተለመደ ሥራው ውጪ የሆነ ከባድ ውል ሲፈርም በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ በዚህ ፎርም ማሳወቅ አለበት። በፎርሙ ላይ ንጥል 1.01 የሚለውን ፈልጉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመኪና መከታተያ ኩባንያ መሣሪያ መሸጥ የተለመደ ሥራው ነው። ስለዚህ 8-ኬ አለመኖሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሆኖም ኩባንያው ዓመታዊ ገቢው 200 ሺህ ዶላር ሆኖ የ18 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረምኩ ካለ ሕልውናው በዚያ ውል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ውል ተራ ሽያጭ ተብሎ አይታለፍም።

8-ኬ ካለ በመግለጫውና በፎርሙ መካከል ያለውን የቃል ልዩነት አወዳድሩ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ፍተሻ ይህ ነው። መግለጫው “ታሪካዊ ውል” ይላል፤ ፎርሙ “አስገዳጅ ያልሆነ ስምምነት” ይላል። ጠበቃ የነካው ጽሑፍ እውነቱን ያወጣዋል። አንዳንዴ ደግሞ 8-ኬው ውስጥ ያለው ያው መግለጫ ብቻ ነው፤ ንጥል 7.01 ወይም 8.01 ሥር አያይዘው ያስገቡታል። ያ ውሉን አስገቡ ማለት አይደለም።

ውሉ ራሱ የሚገኘው ኤግዚቢት 10 ተብሎ በሚጀምረው አባሪ ነው። የንግድ ምስጢር የሆነውን ክፍል፣ ለምሳሌ የአንዱን ዋጋ፣ እንዲሸፍኑ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ “ምስጢር ስለሆነ ምንም ማሳየት አንችልም” የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ አያሳምንም። ዋጋውን ሸፍኖ የቀረውን ማሳየት ይቻላል።

የኤድጋርን የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋም ተጠቀሙ። የደንበኛው ስም ከታወቀ ያንን ስም እዚያ አስገቡት። ደንበኛው ራሱ በአክሲዮን ገበያ ያለ ድርጅት ከሆነ በእሱ ሰነድ ውስጥ ኩባንያችሁ ተጠቅሶ እንደሆነ ታያላችሁ። ሥራ አስኪያጁንም እንዲሁ ፈልጉ። ከዚህ በፊት የመራቸው ኩባንያዎች ምን ሆኑ? በስም እየተለዋወጡ ማዕድን ፍለጋ፣ ከዚያ ማሪዋና፣ ከዚያ ብሎክቼይን፣ አሁን ደግሞ ጂፒኤስ የሆነ ኩባንያ ካገኛችሁ ቡና አፍልታችሁ በእርጋታ አንብቡት። ትልቅ ትምህርት አለው።

ሌላ የማይስተዋል ነገር አለ። ከመግለጫው ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈ “የወደፊት ትንበያ” ማስጠንቀቂያ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ትንበያችን ባይሳካ በ1995ቱ የአሜሪካ ሕግ ከክስ እንጠበቃለን ብለው ይጽፋሉ። ያ ሕግ ግን ፔኒ ስቶክ የሚያወጡ ኩባንያዎችን ከከለላው ያስወጣቸዋል። ይህን የማያውቅ ወይም እያወቀ የሚጽፍ ኩባንያ ሌላውንም ነገር ያለ ጥንቃቄ ሊጽፍ ይችላል።

ኩባንያው ኤድጋር ላይ ጨርሶ ከሌለስ? በኦቲሲ ገበያ (ከትልልቆቹ የአክሲዮን ገበያዎች ውጪ ባለው) የሚሸጡ አንዳንድ ኩባንያዎች ለኤስኢሲ ሪፖርት አያቀርቡም። ሒሳባቸውን የሚለጥፉት በኦቲሲ ማርኬትስ ድረ ገጽ ነው። እዚያ ያለው ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ያልተመረመረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጣዮቹ ደረጃዎች በእጥፍ አስፈላጊ ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ ውል ሁለት ወገን አለው፤ ሌላውን ወገን ፈልጉ

ደንበኛው የግል ድርጅት ከሆነ ሦስት ነገር አረጋግጡ። አለ ወይ? መኪና አለው ወይ? ከኩባንያው ጋር ዝምድና የለውም ወይ?

ድርጅቱ መኖሩን በተመዘገበበት ስቴት የድርጅት መዝገብ ታገኛላችሁ። መቼ እንደተቋቋመ እዩ። ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ወር በፊት የተከፈተ ደንበኛ ጥያቄ ያስነሳል። የጭነት ድርጅት ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ትራክ የሚነዱ አንባቢዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በፌዴራል የትራክ ተቆጣጣሪው በኤፍኤምሲኤስኤ ድረ ገጽ የዶት ቁጥሩን (የፌዴራል የምዝገባ ቁጥሩን) ወይም ስሙን አስገቡ። ስንት ትራክና ስንት ሹፌር እንዳስመዘገበ ይወጣል። “ለ2,000 ትራክ ውል” ተብሎ ደንበኛው 14 ትራክ ብቻ ያለው ሆኖ ካገኛችሁት ሥራችሁ እዚያው አለቀ።

ስልክ ስትደውሉ መግለጫው ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ። ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉ። ይህን የምለው በስፖንጅቴክ ምክንያት ነው። ሳሙና ያለው ስፖንጅ የሚሸጥ የኒው ዮርክ ኩባንያ ነበር። ኤስኢሲ በ2010 ሲከሰው አብዛኛው ሽያጩ፣ 99 በመቶ ገደማ፣ ለሌሉ ደንበኞች የተመዘገበ ነው አለ። ለእነዚያ ለሌሉ ደንበኞች ድረ ገጽም ተሠርቶላቸው ነበር። በተሰጣችሁ አድራሻ ብቻ የሚያጣራ ሰው እዚያ ውስጥ ይወድቃል።

ደንበኛው መንግሥት ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ የመንግሥት ገንዘብ ዱካ ይተዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ውሎች ዩኤስኤስፔንዲንግ በተባለው ድረ ገጽ ይታያሉ። የኩባንያውን ስም አስገቡና በእርግጥ የተመደበለትን ገንዘብ እዩ። ኩባንያው ንዑስ ተቋራጭ ነኝ ካለ የንዑስ ውሎችን ክፍልም ተመልከቱ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ 7.5 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ ውሎችን በየሥራ ቀኑ በይፋ ይዘረዝራል። “የ20 ሚሊዮን ዶላር የፔንታገን ውል” ተብሎ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ለምን እንደሌለ ኩባንያው ማስረዳት አለበት።

“ጂኤስኤ ስኬጁል አገኘን” የሚለውን ደግሞ ለብቻ ላንሳው፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ይህ ማለት ኩባንያው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሚገዙበት ዝርዝር ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። ገና ማንም አልገዛውም። በመግለጫው የሚጠቀሰው የሚሊዮን ቁጥር ብዙ ጊዜ ጣሪያው ነው፤ ከጣሪያው ሥር ዜሮም ይኖራል።

የሳይበርኪን ጉዳይ በዚህ ላይ ጨምሩ። የዩታ ኩባንያ ነበር። ከአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የ25 ሚሊዮን ዶላር ሥራ አግኝቻለሁ እያለ መግለጫ ሲያወጣ ከረመ። አክሲዮኑ በብዛት ተሸጠ። ኤስኢሲ በ2007 ፍርድ ቤት ሲያቀርበው እንዲህ ያለ ውል ጨርሶ አልነበረም።

የከተማና የትምህርት ቤት ውሎችም ይገኛሉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መከታተያ ሸጥን የሚሉ ትናንሽ ኩባንያዎች ጥቂት አይደሉም። የትምህርት ዲስትሪክት ቦርድ ትልቅ ግዢ የሚያጸድቀው በግልጽ ስብሰባ ነው። አጀንዳውና ቃለ ጉባኤው ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ካላገኛችሁት ለዲስትሪክቱ በኢሜይል የሕዝብ መረጃ ጥያቄ ማቅረብ ትችላላችሁ። በእንግሊዝ ፋይንድ ኤ ቴንደር (ለቆዩ ግዢዎች ኮንትራክትስ ፋይንደር)፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቴድ የተባሉት የጨረታ መዝገቦች ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

“ከአንድ የአፍሪካ መንግሥት ጋር ተፈራረምን” የሚለው መግለጫ የራሱ ጣዕም አለው። ሩቅ ነው፣ የአሜሪካ ገዢ አያጣራም ተብሎ የሚጻፍ ጊዜ አለ። መግለጫው አዲስ አበባን ከጠቀሰ ግን እናንተ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ። የመንግሥት ጨረታ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወይም በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓት ላይ ወጥቶ ነበር ወይ? የአገር ውስጥ “አጋር” የተባለው ድርጅት የንግድ ፈቃዱ የታደሰ ነው? ይህ በንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ በግብር ከፋይ ቁጥር ይጣራል። ቢሮው ቦሌ ነው ከተባለ አንድ የአክስት ልጅ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ያየዋል። ይህን ማድረግ የሚችል የዎል ስትሪት ተንታኝ የለም።

ደረጃ 4፦ ዕቃው አለ ወይ?

በአሜሪካ የሚሸጥ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ መከታተያ በመገናኛ ተቆጣጣሪው በኤፍሲሲ መጽደቅ አለበት። መሣሪያው ወይም በውስጡ ያለው ሞደም የኤፍሲሲ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩን በኤፍሲሲ መፈለጊያ አስገቡ። ያጸደቀው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የውስጡ ፎቶ ሳይቀር ይወጣል። የቻይና ፋብሪካ ስም ቢወጣ አትደንግጡ። የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ላይ የራስን ስም ለጥፎ መሸጥ በዚህ ሥራ የተለመደና ሕጋዊ ነው። ችግሩ ኩባንያው “ራሳችን የፈለሰፍነው፣ ዓለም ላይ ብቸኛው” ብሎ ከሆነ ነው። ያንኑ ዕቃ አሊባባ ላይ ማንም የሚገዛው ከሆነ ደንበኛው ከዚህ ትንሽ ኩባንያ የሚገዛበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለትራክ ሹፌሮች የሚሸጠውን ኢኤልዲ (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ መሣሪያ) በተመለከተ አንድ ቁልፍ ነገር አለ። የሥራ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲመዘገብ የሚያስገድደው ሕግ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ይሠራል። ኤፍኤምሲኤስኤ የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ዝርዝር ያወጣል። ነገር ግን መሣሪያውን ራሱ ሞክሮ አያጸድቅም። አምራቹ ራሱ “ደንቡን አሟልቻለሁ” ብሎ ያስመዘግባል። ስለዚህ “በኤፍኤምሲኤስኤ የጸደቀ” የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቃሉ የተጋነነ ነው። ከዝርዝሩ የተሰረዙ መሣሪያዎችም ለብቻ ይወጣሉ፤ እሱንም እዩት።

ኩባንያው የድሮ ዕቃ ይዞ እንደሆነም ጠይቁ። ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ዘግተዋል። መጋዘን ውስጥ የ3ጂ መሣሪያ የተከመረበት ኩባንያ ሒሳቡ ላይ “ዕቃ” ብሎ የሚያስቀምጠው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 5፦ ካልኩሌተር አውጡ

እንበልና መግለጫው ለ10 ሺህ መኪና፣ ለ3 ዓመት፣ 18 ሚሊዮን ዶላር ይላል። 18 ሚሊዮንን ለ10 ሺህ አካፍሉ፤ በመኪና 1,800 ዶላር። ለ36 ወር ስታካፍሉት በወር 50 ዶላር። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ትራክ ብቻ ያለው ሰው በወር 20 ወይም 30 ዶላር የሚከፍልበትን አገልግሎት የ10 ሺህ መኪና ጌታ ለምን በ50 ይገዛል? ብዙ የሚገዛ ሰው ቅናሽ ነው የሚጠይቀው። ካሜራ ወይም ሌላ አገልግሎት ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ከሆነ መግለጫው ይናገር።

ቀጥሎ ወጪውን አስሉ። የአንዱን መሣሪያ ዋጋ 80 ዶላር ብንል 10 ሺህ መሣሪያ 800 ሺህ ዶላር ነው። ደንበኛው በወር የሚከፍል ከሆነ ይህን ገንዘብ አስቀድሞ የሚያወጣው ኩባንያው ነው። ለሲም ካርድ በወር ሦስት ዶላር እንኳ ብንል 30 ሺህ ዶላር ይመጣል። አሁን የመጨረሻውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ክፈቱና ባንክ ያለውን ገንዘብ እዩ። 61 ሺህ ዶላር ከሆነ ዕቃውን በምን ሊገዙት ነው?

ገጠማውም አለ። አንድ ባለሙያ በቀን ስምንት መኪና ቢገጥም 10 ሺህ መኪና 1,250 የሥራ ቀን ይፈልጋል። አምስት ባለሙያ ቢኖር 250 ቀን፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሥራ ዓመት። ዓመታዊው ሪፖርት 10-ኬ ላይ የሠራተኛው ብዛት ይጻፋል። “አራት የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ” የሚል ካነበባችሁ ማን ሊገጥመው እንደሆነ ጠይቁ። በገዢው እጅ የሚሰኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ያኔ ይህ ጥያቄ ይቀላል። የገንዘቡ ጥያቄ ግን አይቀልም።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡ ገባ ወይ?

እውነተኛ ውል ውሎ አድሮ ሒሳብ ላይ ይታያል። ከመግለጫው በኋላ የወጡትን ሁለትና ሦስት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች አንብቡ። ገቢው ከፍ አለ? ከፍ ካለ ጥሬ ገንዘቡስ አብሮ ከፍ አለ? ገቢው ጨምሮ “ተሰብሳቢ ሒሳብ” የሚለው መስመር ከእሱ በባሰ ፍጥነት ካበጠ ሸጥን ያሉትን ገንዘብ ገና አላገኙትም ማለት ነው።

የደንበኞች ስብጥር የሚለውን ማስታወሻ አትዝለሉ። ከጠቅላላ ገቢው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሚይዝ ደንበኛ ካለ ኩባንያው ይህን መግለጽ አለበት። ስሙን ላይጠቅስ ይችላል፤ “ደንበኛ ሀ” ሊለው ይችላል። ግዙፍ ውል ተፈርሞ ሥራው ተጀምሮ ከሆነ ግን አዲስ ትልቅ ደንበኛ እዚያ ብቅ ማለት አለበት።

በዚሁ በመከታተያ ቴክኖሎጂ የታወቀው ምሳሌ የእንግሊዙ ኩዊንደል ነው። ትንሽ አልነበረም፤ በአንድ ወቅት ለአነስተኛ ኩባንያዎች በተቋቋመው በለንደን ኤይም ገበያ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ለመኪና ኢንሹራንስ የሚሆን መከታተያና የካሳ ጉዳይ ሥራ ነበረው። በየጊዜው አዲስ ስምምነት ያስነግራል፤ በወረቀት ላይ ትርፉ ያድጋል። ጥሬ ገንዘቡ ግን አይከተልም። በኤፕሪል 2014 ጎተም ሲቲ ሪሰርች የተባለ ኩባንያዎችን የሚመረምር ድርጅት ይህን የሚያጋልጥ ዘገባ አወጣና አክሲዮኑ ተንኮታኮተ። በ2015 ሒሳቡ ሲታረም ለ2013 የተነገረው የ83 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ወደ 68 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ ተለወጠ። ኦዲተር ያየው ሒሳብ ነበር፤ ኦዲተሩም ኋላ ተቀጥቷል።

ጤነኛ ኩባንያ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የእስራኤሉን ኢቱራን ሪፖርት ክፈቱ። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ስሙን ያውቁታል። በናስዳክ ይሸጣል፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። በየሩብ ዓመቱ ስንት ተመዝጋቢ እንደጨመረ ይናገራል። በዚህ ሥራ እውነተኛው መለኪያ የተፈረመ ውል ሳይሆን በየወሩ የሚከፍል መኪና ነው። ኩባንያችሁ ውል እየቆጠረ የሚከፍል መኪና የማይቆጥር ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁት።

ደረጃ 7፦ ዜናው ማንን ይጠቅማል?

በኦቲሲ ማርኬትስ ገጽ ላይ የአክሲዮኑን ብዛት እዩ፤ ዛሬ ስንት ነው፣ ከዓመት በፊት ስንት ነበር? ከ300 ሚሊዮን ወደ 2 ቢሊዮን ከሄደ ኩባንያው እየሸጠ ያለው ጂፒኤስ ሳይሆን አክሲዮን ነው። ከዚያ በሪፖርቱ ውስጥ ወደ አክሲዮን የሚቀየሩ ብድሮችን ፈልጉ። አበዳሪው ብድሩን ከገበያ ዋጋ በቅናሽ ወደ አክሲዮን ይቀይርና ይሸጣል። ለኤስኢሲ ሪፖርት በሚያቀርብ ኩባንያ ይህ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ይጀምራል። የብድሮቹን ቀን በአንድ በኩል፣ “ትልቅ ውል” የተባሉባቸውን ቀናት በሌላ በኩል ጻፉ። ዜናው ሁልጊዜ ብድሩ 6 ወር ሊሞላው ሲል የሚመጣ ከሆነ ንድፉን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አክሲዮኑን የሚያወድሰው ሰው ተከፍሎት እንደሆነም አጣሩ። በ1933ቱ የአሜሪካ ሕግ ከኩባንያው ተከፍሎት አክሲዮን የሚያስተዋውቅ ሰው መከፈሉንና መጠኑን መናገር አለበት። ብዙ ጊዜ ከኢሜይሉ ግርጌ በደቂቅ ፊደል ይጻፋል። ተጠራጣሪውንም በዚሁ ዓይን እዩት። አክሲዮኑ ሲወድቅ የሚያተርፍ ሰው አለ። እሱም ማስረጃውን ያምጣ።

ደረጃ 8፦ ኩባንያውን ጠይቁ

ለባለ አክሲዮኖች በተመደበው ኢሜይል አጭርና ጨዋ ጥያቄ ላኩ። ውሉ አስገዳጅ ነው ወይስ አይደለም? እስከ ዛሬ ስንት መሣሪያ ተገጥሟል? ለስንቱ ክፍያ ተቀበላችሁ? ሦስቱም በአንድ መስመር የሚመለሱ ናቸው። “ለሁሉም ባለ አክሲዮን ያልተገለጸ ነገር ለአንድ ሰው መናገር አንችልም” ካሉ ሕጋዊ መልስ ነው፤ በሚቀጥለው ሪፖርት እንዲገልጹት ጠይቁ። በስልክ ለእናንተ ብቻ “ገና ትልቅ ዜና አለ፣ አሁን ግዙ” ካሉ ግን ሽሹ። መልሳቸው ስድብ ወይም የክስ ዛቻ ከሆነም እንዲሁ። ግልጽ ማጭበርበር ካያችሁ ለኤስኢሲ በድረ ገጹ ጥቆማ ማቅረብ ይቻላል፤ ስም ሳይጠቅሱም ይሆናል።

ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ ስታነሱ “ምቀኛ” መባል አይቀርም። የገዛ ሰው የገዛውን ይከላከላል። አትከራከሩ፤ የሰነዱን ስክሪንሾት ለጥፉና ውጡ።

የመጨረሻው ሥራ ስልካችሁ ካላንደር ላይ ቀን መያዝ ነው። ለኤስኢሲ የሚያቀርብ ትንሽ ኩባንያ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ሩቡ ባለቀ በ45 ቀን፣ ዓመታዊውን በ90 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። ካልደረሰለት “ኤንቲ” የሚል የመዘግየት ማስታወቂያ ያስገባና ለሩብ ዓመቱ 5፣ ለዓመቱ 15 ቀን ይጨመርለታል። “ታሪካዊ ውል” በተባለ ማግስት ኤንቲ የሚያስገባ ኩባንያ ካያችሁ ምክንያቱን አንብቡት፤ ፎርሙ ላይ ተጽፏል። ሪፖርቱ በሰዓቱ ከወጣ ደግሞ ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።